ካንሰር በደም ሥር ተጉዞ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሰራጨው እንዴት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ መሀል፣ ከቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚወስደው አካባቢ፣ የፓቶሎጂ ውጤታቸውንና የራጅ ፊልማቸውን በፌስታል ይዘው ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው የሚመላለሱ ሕሙማንና አስታማሚዎች ሁልጊዜ ይታያሉ። ብዙዎቹ ሪፈር ተጽፎላቸው ከክልል የመጡ ናቸው። ወረቀቱ ላይ «ሜታስታሲስ» የሚል ቃል ያነበቡ ወይም ሐኪሙ «ተሰራጭቷል» ሲል የሰሙ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች ሂደቱን ለማስረዳት የተጻፉ ሲሆኑ፣ ሐኪምዎ የእርስዎን ሕመም ተመልክቶ የሚሰጥዎትን ምክር አይተኩም።

«ተሰራጭቷል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ካንሰር የሚጀምረው በአንድ ቦታ ነው፤ በጡት፣ በትልቁ አንጀት፣ በፕሮስቴት፣ በሳንባ ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ሊሆን ይችላል። እዚያ የበቀለው የመጀመሪያው ዕጢ መነሻ ዕጢ ይባላል። ከዚህ ዕጢ የተነጠሉ ሕዋሳት በደም ወይም በሊምፍ (ከሕብረ ሕዋሳት መካከል ተሰብስቦ በንፍፊቶች በኩል በሚያልፍ) ፈሳሽ ተጉዘው ራቅ ያለ የሰውነት ክፍል ላይ ሲያርፉና እዚያው ተባዝተው አዲስ ዕጢ ሲመሠርቱ፣ ካንሰሩ ተሰራጨ ይባላል። በሕክምና አከፋፈል ይህ ደረጃ አራት ነው። በካንሰር ምክንያት ከሚደርሰው ሞት አብዛኛው የሚመጣው ከመነሻው ዕጢ ሳይሆን ከዚህ ሥርጭት ነው።

ቤተሰብን በእጅጉ ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ «ጡቷን ታማ ነበር፣ አሁን ደግሞ የጉበት ካንሰር ያዛት» የሚለው አረዳድ ነው። ሁለተኛ ካንሰር አልያዛትም። ጉበቷ ላይ ያለው ዕጢ የተሠራው ከጡት በመጡ ሕዋሳት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም በአብዛኛው የጡት ካንሰርን መልክ ይዞ ይገኛል። ሕክምናውም የሚመረጠው በመነሻው መሠረት ነው። ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ ከጉበቱ ወይም ከሳንባው ላይ ናሙና ወስደው የኤስትሮጅን ተቀባይና ሄር 2 የተባሉትን ፕሮቲኖች እንደገና የሚያስመረምሩትም፣ ሕዋሳቱ በጉዞው ጠባያቸውን ለውጠው ከሆነ መድኃኒቱን በዚያው ልክ ለማስተካከል ነው።

የካንሰር ሕዋስ ከዕጢው ወጥቶ ደም ውስጥ የሚገባው በምን መንገድ ነው?

የጡትን ቱቦዎች፣ የአንጀትን የውስጥ ገጽና የማሕፀን በርን የሚሸፍኑት ጤነኛ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይኖራሉ። ከሚያጣብቋቸው ፕሮቲኖች ዋነኛው ኢ ካድሄሪን ይባላል። ከሥራቸው ደግሞ ቤዝመንት ሜምብሬን የሚባል እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ተነጥፏል፤ የደም ሥሮች የሚገኙት ከዚህ ሽፋን በታች ነው። የታመሙት ሕዋሳት ይህን ሽፋን እስካልቀደዱት ድረስ ከደም ጋር ስለማይገናኙ ሊሰራጩ አይችሉም። በየጤና ጣቢያው በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው የማሕፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው ለውጡን በዚሁ ደረጃ ላይ፣ ማለትም ሽፋኑ ሳይቀደድ ስለሚያገኘው ነው። ይህን ዕድል በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ማግኘት እየቻሉ ሳይጠቀሙበት የሚቀሩ እናቶችና እኅቶች ብዙ መሆናቸው በእውነት ያሳዝናል።

ካንሰሩ እየገፋ ሲሄድ ከሕዋሳቱ አንዳንዶቹ የኢ ካድሄሪን ምርታቸውን ይቀንሳሉ፤ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የነበራቸው ትስስር ይላላል፤ ቅርጻቸው ይረዝማል፤ የመንቀሳቀስ ችሎታም ያገኛሉ። ሜታሎፕሮቲኔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ሽፋኑንና በዙሪያው ያለውን ሕብረ ሕዋስ እየቆራረጡ መንገድ ይከፍታሉ። ሰውነትን ይጠብቃሉ ተብለው የሚታሰቡት ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት እንኳን፣ ዕጢው አካባቢ ከቆዩ በኋላ፣ የካንሰር ሕዋሳቱ ወደ ደም ሥሩ እንዲጠጉና ግድግዳውን አልፈው እንዲገቡ ሲያግዙ ታይተዋል።

የደም ሥሮቹም ሁኔታ ነገሩን ያቀልለታል። ዕጢ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ለማደግ ኦክስጅንና ምግብ የሚያመጣለት አዲስ የደም ሥር ያስፈልገዋል፤ አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን ይህን ሐሳብ በ1971 እ.ኤ.አ. ጽፈው አቅርበዋል። ዕጢው በሚልካቸው ኬሚካላዊ መልእክቶች ምክንያት በችኮላ የሚሠሩት እነዚህ ሥሮች ግድግዳቸው የተሟላ አይደለም፤ በሕዋሳቱ መካከል ክፍተት አላቸው፤ ያፈስሳሉ። የካንሰር ሕዋስ በጤነኛ ሥር በኩል ከሚገባው ይልቅ በእንዲህ ያለው ሥር በኩል በቀላሉ ይገባል። በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አንድ ግራም የሚመዝን ዕጢ በ24 ሰዓት ውስጥ ሚሊዮኖች የሚሆኑ ሕዋሳትን ወደ ደም ሊለቅ ይችላል።

ደም ውስጥ ከገባ በኋላስ ምን ይደርስበታል? የገባው ሁሉ ይሰራጫል?

ስለ ሥርጭት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ደም ውስጥ የገቡት የካንሰር ሕዋሳት እጅግ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ደም ለካንሰር ሕዋስ አስቸጋሪ አገር ነው። ዕጢው ውስጥ ሳለ ተጣብቆ የሚኖርበት ነገር ነበረው፤ አሁን ግን የሚይዘው ነገር አጥቷል፤ ብዙ ሕዋሳት ደግሞ መያዣ ሲያጡ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያጠፉበት ሥርዓት በውስጣቸው አለ። የደሙ ግፊትና ፍጥነት ይንጠዋል። ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ያገኙትን ይገድላሉ። ከዚህ ሁሉ የተረፈውም ቢሆን ከፀጉር በቀጠኑ የደም ሥሮች ውስጥ ማለፍ ያቅተዋል፤ የእነዚህ ሥሮች ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዕጢ የመጣ ሕዋስ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሰፋል። ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮ ሜትር ቢሆንም ተጣጥፎ ያልፋል፤ ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ነው። የካንሰር ሕዋስ ግን ይቀረቀራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ተቀዶ ይሞታል።

አይዛያ ፊድለር የተባሉት ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ በሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ምልክት የተደረገባቸውን የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ሕዋሳት በአይጦች ደም ሥር ውስጥ ለቅቀው ተከታተሏቸው። ከ24 ሰዓት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከ0.1 በመቶ በታች ነበሩ፤ በመጨረሻ አዲስ ዕጢ የመሠረቱት ደግሞ ከ0.01 በመቶ በታች ነበሩ። ከ10,000 ሕዋሳት አንድ እንኳን አልሞላም ማለት ነው። ችግሩ ግን ዕጢው ለወራትና ለዓመታት ያለማቋረጥ ሲለቅ ከኖረ፣ ያቺ አንዷ የመገኘቷ ዕድል በየቀኑ እየጨመረ መሄዱ ነው። ዕጢውን በጊዜ ማውጣት ያለው ዋጋ ከዚህ ስሌት በግልጽ ይታያል።

ከሞት የሚተርፉት እንዴት ይተርፋሉ ቢባል፣ ሁለት ዘዴዎች ጎልተው ይታወቃሉ። አንደኛው ፕሌትሌቶችን መጠቀም ነው። ፕሌትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅን የደም አካል ነው፤ በካንሰሩ ሕዋስ ዙሪያ ሲጣበቅ ከነጭ የደም ሕዋሳት ይሰውረዋል፣ ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር እንዲጣበቅም ይረዳዋል። ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ደም የመርጋት አዝማሚያው ከፍ የሚልበትም ምክንያት ከዚሁ ግንኙነት ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ አንድ እግር ብቻ በድንገት ቢያብጥና ቢያም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ቢመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ሁለተኛው ዘዴ በቡድን መጓዝ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ተያይዘው የሚጓዙ የጡት ካንሰር ሕዋሳት በነጠላ ከሚጓዙት ይልቅ ዕጢ የመመሥረት ችሎታቸው ከ23 እስከ 50 እጥፍ ይበልጣል።

ለምን በተለይ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል ይሄዳል?

የመጀመሪያው ምክንያት የደም መንገድ ነው። ከጨጓራ፣ ከቆሽት፣ ከትንሹና ከትልቁ አንጀት የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይመለስም፤ ፖርታል ቬን በተባለ የደም ሥር አማካይነት መጀመሪያ ወደ ጉበት ይገባል። ስለዚህ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕዋስ የመጀመሪያ ማረፊያው ጉበት ነው። ከጡት፣ ከኩላሊት ወይም ከአጥንት የሚነሣው ደም ደግሞ በልብ በኩል አልፎ መጀመሪያ የሚያገኘው የሳንባን ቀጫጭን ሥሮች ነው። የፊንጢጣ የታችኛው ክፍል ደም ፖርታል ቬንን ስለማያልፍ፣ እዚያ የተነሣ ካንሰር ጉበትን ዘልሎ ሳንባ ላይ ሊገኝ ይችላል። የፕሮስቴት ካንሰር አከርካሪን የሚወድድበትን አንዱን ምክንያት አሜሪካዊው የአናቶሚ ባለሙያ ኦስካር ባትሰን በ1940 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል፤ በዳሌና በአከርካሪ መካከል ያሉት የደም መላሽ ሥሮች እንደ ሌሎቹ ቫልቭ ስለሌላቸው ደሙ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል፣ ሕዋሱም በልብ በኩል ሳያልፍ አከርካሪ ላይ ይደርሳል።

የደም መንገድ ብቻውን ግን ሁሉን አያስረዳም። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፓጄት በ1889 እ.ኤ.አ. በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዛግብት መርምረው ነበር። በ241ዱ ላይ ካንሰሩ ጉበት ውስጥ ተገኝቷል፤ ጣፊያ ውስጥ የተገኘው ግን በ17ቱ ላይ ብቻ ነው። ጣፊያም ብዙ ደም የሚፈስስበት አካል ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ፣ የሕዋሱ መድረስ ብቻ እንደማይበቃ አስገነዘባቸው። ጤፍ በመረሬ መሬት ላይም በድንጋይ ላይም ሊበተን ይችላል፤ የሚያፈራው ግን የሚስማማውን አፈር ሲያገኝ ነው፤ ፓጄትም የተናገሩት ይህንኑ የዘርና የአፈር ነገር ነው። ከእርሳቸው በኋላ አሜሪካዊው የፓቶሎጂ ባለሙያ ጄምስ ዩዊንግ የደም መንገዱ ብቻውን ይበቃል ብለው ተከራክረው ለረጅም ጊዜ ተሰሚነት አግኝተው የነበረ ቢሆንም፣ ፊድለርና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹና ከዚያም በኋላ ባደረጓቸው ሙከራዎች የፓጄት ሐሳብ እንደገና ቦታውን ይዟል። ዛሬ ሁለቱም እውነትነት እንዳላቸው ይታወቃል፤ መንገዱ የት እንደሚደርስ ይወስናል፣ አፈሩ ደግሞ ማን እንደሚበቅል ይወስናል።

የአጥንት ጉዳይ ይህን በቅርበት ለማየት ይጠቅማል። አጥንት ምንጊዜም ይፈርሳል፣ ምንጊዜም ይታደሳል፤ የሚያፈርሱትና የሚገነቡት ሕዋሳት የተለያዩ ናቸው። እዚያ የደረሰ የጡት ካንሰር ሕዋስ አፍራሾቹ ከልክ በላይ እንዲሠሩ የሚገፋፋ ንጥረ ነገር ያመነጫል። አጥንቱ ሲፈርስ በውስጡ ተከማችተው የነበሩ የዕድገት ንጥረ ነገሮች ይለቀቃሉ፤ እነዚህ ደግሞ የካንሰሩን ሕዋስ ያሳድጉታል፤ ያደገው ሕዋስ እንደገና የበለጠ ያስፈርሳል። ዙሩ እየከፋ የሚሄድ በመሆኑ አጥንቱ ይሳሳል፣ ያማል፣ በቀላሉም ይሰበራል። ዞሌድሮኒክ አሲድን የመሰሉ መድኃኒቶች የሚታዘዙት አፍራሾቹን ሕዋሳት ገትተው ይህን ዙር ለመስበር ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ግን በአብዛኛው ገንቢዎቹን ስለሚቀሰቅስ በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ያም አጥንት ቢሆን ሥርዓት የሌለው ስለሆነ ጠንካራ አይደለም።

በብብት ንፍፊት ላይ ከተገኘ ወደ ደም ገብቷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። በጡቱ አጠገብ ያለው የብብት ንፍፊት እንደ ሩቅ ሥርጭት አይቆጠርም፤ ብብቷ ላይ የተገኘባት ሴት ወደ ደረጃ አራት አልተሻገረችም፤ መዳንንም ዓላማ ያደረገ ሕክምና ይሰጣታል። ይሁን እንጂ የሊምፍ ፈሳሽ መጨረሻው ደም ነው፤ ከአብዛኛው የሰውነት ክፍል የተሰበሰበው ሊምፍ በአንገት ግርጌ፣ በፊት ለፊት ባለው የግራ ብራኳ አጥንት (ከደረት ወደ ትከሻ በሚሄደው አጥንት) ሥር፣ ወደ ደም መላሽ ሥር ይገባል። ስለዚህ በንፍፊት ላይ መገኘቱ ሕዋሱ መንቀሳቀስ እንደጀመረ ያመለክታል፤ ሐኪሙም ሌላ ቦታ እንዳለ መመርመሩ ተገቢ ነው። ከዚያው ከግራው ብራኳ አጥንት በላይ ያለው ንፍፊት ሳያም ጠጥሮ ቢገኝ በተለይ ከሆድ የተነሣ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል፣ «ብርድ ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

«ካንሰርን ቢላ ወይም መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው እውነት ነው?

ይህ እምነት በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ብዙ ሰውም አስጎድቷል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት «አታስነኪው» ተብላ ለወራት ትቆያለች፤ ስትመጣ ቆዳው ቆስሎ፣ ብብቷ ሞልቶ ይሆናል። ከዚያ ናሙና ይወሰዳል፣ ቀዶ ሕክምናም ይደረጋል፤ ከጊዜ በኋላ ሳንባዋ ወይም ጉበቷ ላይ ሲታይ ቤተሰቡ «ቢላው አሰራጨው» ይላል። ቢላው ከመንካቱ በፊት ሕዋሳቱ እዚያ ደርሰው ነበር፤ በራጅም ሆነ በአልትራሳውንድ ለመታየት ገና ትንሽ ስለነበሩ ብቻ አልታዩም።

በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና፣ ማለትም ብዙዎች «ኤፍ ኤን ኤ» በሚል ስም የሚያውቁት ምርመራ፣ ብዙ ጊዜ ደም ለመቅዳት ከምንጠቀምበት መርፌ በቀጠነ መርፌ የሚሠራ ነው። ባለሙያው እብጠቱን በጣቶቹ ይዞ መርፌውን ያስገባል፣ ጥቂት ሕዋሳትን ይስባል፣ በመስታወት ስላይድ ላይ አስጥቶ ቀለም ይቀባና በማይክሮስኮፕ ያያል። መርፌው በሄደበት መስመር ላይ ሕዋስ ቀርቶ የሚያድግበት አጋጣሚ አለ፤ ነገር ግን በጣም ጥቂት ነው። ይህ ስጋት ትርጉም የሚኖረው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ነው፤ ለምሳሌ ካንሰር የተጠረጠረበት የወንድ የዘር ፍሬ በመርፌ አይወጋም፣ በብሽሽት በኩል ሙሉውን ይወጣል፤ በእግር ወይም በእጅ ጡንቻ ላይ ያለ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ሲጠረጠር ደግሞ የመርፌው መስመር በኋላ ከዕጢው ጋር አብሮ እንዲወጣ ተደርጎ ይታቀዳል። ባለሙያው ይህን የሚያውቅ በመሆኑ ጥንቃቄው የእርሱ ሥራ ነው። በሂደቱ ጥቂት ሕዋሳት ወደ ደም ቢያመልጡ እንኳን ከላይ የተገለጸውን የሞት መንገድ ሁሉ ማለፍ ይጠበቅባቸዋል፤ ዕጢው ግን ማንም ሳይነካው በየቀኑ ከዚያ በላይ ይለቅቃል። ያለ ናሙና የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና ደግሞ በጭፍን እንደመሄድ ነው፤ መድኃኒቱን የሚመርጠው የፓቶሎጂው ውጤት ነውና።

እብጠቱን ማሸትስ? ባህላዊ መድኃኒት መቀባትስ?

ሁለቱንም አታድርጉ። በተለይ ቆዳን የሚያቃጥሉ መድኃኒቶች የላዩን ገጽ አርግፈው የዳነ ያስመስላሉ፤ ከሥር ያለው ዕጢ ግን ይቀጥላል፤ ቁስሉም ይመረቅዛል፣ ለቀዶ ሕክምናም ያስቸግራል። ጠበል የሚጠመቁ ወይም ጸሎት የሚያስደርጉ ሕሙማን ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ፤ ይህንንም ለሐኪማቸው ለመንገር ሊያፍሩ አይገባም።

መሰራጨቱ በደም ምርመራ ይታወቃል?

ሜልበርን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ቶማስ አሽዎርዝ በ1869 እ.ኤ.አ. በካንሰር ከሞተ ሰው ደም ውስጥ ዕጢው ላይ ካሉት ጋር የሚመሳሰሉ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ አይተው ጽፈዋል። ይሁን እንጂ እነዚህን ሕዋሳት መቁጠር ቀላል አልነበረም፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ቢሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሕዋሳት እያሉ፣ የተሰራጨ ካንሰር ባለበት ሰው እንኳን የካንሰሩ ሕዋሳት ከጥቂት አይበልጡም፤ ጭራሽ የማይገኙበትም ጊዜ ብዙ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ሴልሰርች የተባለ መሣሪያ በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ይቆጥራቸዋል፤ በተሰራጨ የጡት ካንሰር ላይ 5ና ከዚያ በላይ መገኘታቸው ሕመሙ እንደሚከብድ ያመለክታል። ይህ ምርመራ ግን ጤነኛ የሆነ ሰው ካንሰር እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ለማወቅ አይጠቅምም።

በየላቦራቶሪው የሚሠሩት የካንሰር ጠቋሚዎች፣ ለምሳሌ ሲ ኢ ኤ እና ሲ ኤ 15-3፣ ዋና ጥቅማቸው ቀድሞ ካንሰሩ የታወቀ ሰው ለሕክምናው የሚሰጠውን ምላሽ መከታተል ነው። ካንሰር ሳይኖርም ከፍ ሊሉ ይችላሉ፤ ካንሰር እያለም መደበኛ ሊሆኑ ይችላሉ። «ሙሉ የደም ምርመራ አድርጌ ምንም የለም ተባልኩ» ብሎ ያበጠን ጡት ወይም በሰገራ የሚወርድን ደም ችላ ማለት አደገኛ ነው። ሥርጭትን የሚያሳዩት የደረት ራጅ፣ የሆድ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን፣ ኤም አር አይና የአጥንት ስካን ናቸው፤ የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወስነውም የካንሰሩ ዓይነትና የሕመምተኛው ስሜት ነው፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም መነሣት የለበትም።

ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ኬሞ ለምን ይታዘዛል? ከዓመታት በኋላስ ለምን ይመለሳል?

ቀዶ ሕክምና የሚያወጣው የሚታየውን ነው። ከዚያ በፊት ወደ ደም ገብተው መቅኔ ውስጥ ወይም ሳንባ ውስጥ በተናጠል ያረፉ ሕዋሳት ካሉ ምንም ዓይነት ምስል አያሳያቸውም። ኬሞ ደም በሚደርስበት ሁሉ ስለሚደርስ እነዚህን ለማግኘት ይሰጣል። «ዕጢው ወጥቶልኛል፣ አሁን ደህና ነኝ» ብሎ ከስድስቱ ዙር ሁለቱን ወስዶ መቅረት የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ላይ ነው። የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪው፣ ወረፋውና ማቅለሽለሹ ከባድ እንደሆነ አያከራክርም፤ ከማቋረጥ በፊት ግን ችግሩን ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ መንገር ይገባል፤ ቀጠሮ ሊቀየር፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ሊለወጥ፣ መጠንም ሊስተካከል ይችላልና።

ካረፉት ሕዋሳት አንዳንዶቹ ሳይሞቱም ሳይባዙም ለዓመታት ይቆያሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሕዋስ ስለማይባዛ፣ የሚባዙ ሕዋሳትን የሚያጠቃው ኬሞ ብዙም አይጎዳውም። በኤስትሮጅን በሚያድገው የጡት ካንሰር ላይ ሕመሙ ከ20 ዓመት በኋላ እንኳን ሊመለስ እንደሚችል ተረጋግጧል፤ የኤስትሮጅንን ሥራ የሚገታው ታሞክሲፈን 5 ዓመት፣ ለአንዳንዶችም 10 ዓመት እንዲወሰድ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ምንም ሳያማት በየቀኑ ክኒን የምትውጥ ሴት ለምን እንደምትውጠው ካልተነገራት ማቆሟ አይገርምም፤ ይህን በሚገባ ማስረዳት የእኛ የባለሙያዎች ግዴታ ነው።

በደም ውስጥ የሚዞር ከሆነ በደም ልገሳ፣ በንክኪ ወይም በእርግዝና ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል?

በእርግዝና ከታዩ እጅግ ጥቂት አጋጣሚዎች በቀር አይተላለፍም። የሌላ ሰው ሕዋስ ወደ ጤነኛ ሰው ቢገባ የተቀባዩ መከላከያ ባዕድነቱን ለይቶ ያጠፋዋል። በስዊድንና በዴንማርክ የደም ልገሳ መዛግብት ላይ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ካንሰራቸው ገና ሳይታወቅ ደም ከለገሱ ሰዎች ደም የወሰዱ 12,000 ያህል ሕሙማንን ተከታትሎ፣ በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ አላገኘውም። ከእናት ወደ ፅንስ የተላለፈባቸው አጋጣሚዎች በዓለም ላይ ተመዝግበዋል፤ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ማቀፍና ማጠብ ምንም አያስተላልፍም። ሕመምተኛን በተለየ ሰሃን መመገብ ሌላ ሕመም የሚጨምርባት ነገር ነው።

ከተሰራጨ በኋላ ሕክምና አለው?

አለው። አንዳንዶቹ ተሰራጭተውም ሊድኑ ይችላሉ፤ የዘር ፍሬ ካንሰር፣ ከእርግዝና ጋር ተያይዞ የሚመጣው ኮሪዮካርሲኖማ፣ ሳንባ ላይ የደረሰ የሕፃናት የኩላሊት ካንሰር፣ እንዲሁም በጉበት ላይ በቁጥር ጥቂት ሆኖ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል የትልቁ አንጀት ካንሰር ከእነዚህ መካከል ናቸው። በሌሎቹ የሕክምናው ዓላማ ሕመሙን ገትቶ ዕድሜን ማራዘምና ኑሮን ማቅለል ነው። የሆርሞን መድኃኒት የምትወስድ፣ አጥንቷ ላይ የተሰራጨ ካንሰር ያለባት ሴት ለዓመታት ሥራዋን እየሠራች ልትኖር ትችላለች። የሚያሠቃይ አጥንት በጥቂት ቀን የጨረር ሕክምና ሊታገሥ ይችላል፤ ለከባድ ሕመም የሚታዘዘው ሞርፊንም በሐኪም ቁጥጥር ሲወሰድ ሊፈራ የሚገባው መድኃኒት አይደለም። «ተሰራጭቷል» የሚለው ቃል ሲሰማ ቤተሰብ ተመካክሮ ሕመምተኛውን ወደ አገር ቤት ይዞ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ምን ዓይነት ሕክምና እንደቀረና ምን እንደሚጠበቅ ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ ይገባል፤ ሕመምተኛው ራሱም ከምክክሩ መገለል የለበትም።

አንድ ነገር ግን ሰዓታት የማይሰጥ ነው። ካንሰር ያለበት ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ይዞት እግሩ ቢዝል፣ ከእምብርት በታች ቢደነዝዘው፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ቢያቅተው፣ ዕጢው ኅብለ ሰረሰሩን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። በዚያው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። እየተራመደ የደረሰ ሰው መራመዱን የመቀጠል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እግሩ ከከዳው በኋላ የደረሰ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስለትም።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍልን ምን ይዘን እንምጣ?

የፓቶሎጂውን ውጤት ዋናውን ወረቀት፣ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ፣ የተነሡትን ራጅና ሲቲ ስካን ከነፊልሙ ወይም ከነሲዲው፣ የተወሰዱትንም መድኃኒቶች ዝርዝር ይዘው ይምጡ። ብዙ ሰው የማያውቀው ናሙናው ራሱ እንደሚቀመጥ ነው፤ ከሰውነት የወጣው ሥጋ በሰም ውስጥ ተደርጎ ብሎክ ሆኖ፣ የተቀባውም ስላይድ አብሮት፣ በሠራው ላቦራቶሪ ይቀመጣል። የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ሲታዘዝ የሚያስፈልገው ያ ብሎክ ነው፤ እርሱ ካለ እንደገና መወጋት ላያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ከተሠራበት ቦታ ሳይነሡ ብሎኩንና ስላይዱን ፈርመው ይቀበሉ፤ ከመኪና ሙቀትና ከፀሐይ አርቀው፣ ስላይዱ እንዳይሰበር በካርቶን ጠቅልለው ይያዙት።